ከአጥሩ ውጭ ማደር የፈለገው እንግዳ

በጥቅምት መግቢያ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ በለበሰበት ሰሞን፣ ከሞጣ ወገን የመጣ አንድ ሽማግሌ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለው የእነ ሀብትነሽ ደጅ ቆመ። ጋቢው ታጥቦ ገና አልደረቀም። ትከሻው ላይ ሰባት የላም ማሰሪያ ገመድ ደርቧል፤ የሚጎትተው ላም ግን አልነበረውም።

«የእግዜር እንግዳ ነኝ። ከአጥሩ ውጭ ማደሪያ ይበቃኛል» አለ።

አንዲት ጥጃ ልታሸተው ስትጠጋ እሳት እንደነካው ሰው አፈገፈገ።

«የጎጃም ሰው ሆኖ ጥጃ የሚፈራ ዛሬ ገና አየሁ!» ብሎ የሀብትነሽ ባል ገብረ ኪዳን ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቀም።

ሀብትነሽ አራት ልጆቿን የምታሳድገው በላሞቿ ወተት ነው፤ ይህም እንግዳ በመቀበሏ የተሰጣት በረከት ይመስላታል።

«ኧረ አባቴ፣ እግርዎን ሳላጥብማ አያድሩም!» ብላ እጁን ይዛ አስገባችው። በረቱ አጠገብ አስቀምጣ፣ ጭቃውን በጣቶቿ እያሸች አጠበችው፤ እግሩንም ሳመች። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። እጣቢውን እንደ ወትሮዋ በረቱ በር ላይ ደፋችው።

ገብረ ኪዳን ገመዶቹን እያየ፣ «ከብቶቹስ የት አሉ አባባ?» አለ።

«በአንድ ሳምንት በሽታ ፈጃቸው። በእግሬ ይዤባችሁ እንዳልገባ ነበር ከውጭ የቆምኩት። በሦስት መንደር እውነቱን ብናገር ሦስቱም አባረሩኝ። እዚህ ግን ለመናገር አቅም አጣሁ።»

ሀብትነሽ ዘወር አለች። ከሜዳ የተመለሱት ላሞች እርጥቡን መሬት እየረገጡ ወደ በረቱ ይገቡ ነበር።