የሐሚዳ ዳስ

ሐሚዳ ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ፣ የጎንደር ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ጥግ፣ ፉልና ሻይ ትሸጣለች። ተሳፋሪው መኪና የሚጠብቀው እሷ ከማዳበሪያ ጆንያ ሰፍታ በወጠረችው ዳስ ሥር ነው።

ባለፈው ሚያዝያ የሰፈሩ ልማት ኮሚቴ «ሰፈራችንን እናነቃቃለን» ብሎ ተነሣ። ከመንገዱ ማዶ አዲስ ፌርማታ ሠርቶ የብረት ወንበር አቆመ፤ ጣሪያ ግን ያሰበ አልነበረም። ሐሚዳንም «ዳስሽ ገጽታ ያበላሻልና አፍርሺ» አሏት።

የምረቃው ዕለት ሰብሳቢው አቶ ያረጋል፣ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ስለ ዘመናዊ ትራንስፖርት አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። ከዚያ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሾፌሮች ተሸክመው ዳሱ ውስጥ አስተኟቸው፤ ሐሚዳም ውሃ አፈሰሰችባቸው።

ነቃ ሲሉ ሽቅብ አዩና «ይኼ ዳስ እስካሁን አልፈረሰም?» አሉ።

ሐሚዳ ምሰሶውን ያዘች። «አሁኑኑ ላፍርሰው፤ ብቻ እርስዎ ይነሱልኝ።»

አቶ ያረጋል ወደ ፀሐዩ አየት አደረጉና ተመልሰው ተጋደሙ። «ለጊዜው ይቆይ» አሉ። ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ።

ሾፌሮቹና ባለሱቆቹ ፊርማ አሰባስበው ሚኒባሶቹ እንደቀድሞው ከዳሱ አጠገብ እንዲቆሙ አስወሰኑ። ኮሚቴውም በሪፖርቱ ዳሱን «በእኛ ክትትል የተሠራ የመንገደኞች መጠለያ» ብሎ አሰፈረው። ሐሚዳ ይህን ስትሰማ «የእናንተ ከሆነማ ጆንያው ተቀዷል፤ መጥታችሁ ስፉት» ብላ ላከችባቸው።