ጾም የማያውቁ አስራ አንድ ተከራዮች

ድመት የሚወዱ ሰዎችን አልወድም። ድመታቸውን «ልጄ» የሚሉ፣ ፎቶዋን በስልካቸው ይዘው ለማያውቁት ሰው የሚያሳዩ፣ ስለ ዓይኗ ጥልቀት የሚናገሩ ሰዎች ያደክሙኛል። እኔ አስራ አንድ ድመት የምመግበው ከፍቅር አይደለም። ከክርክር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጦርነቱ ሰው ሁሉ ከደሴ የሸሸ ጊዜ ነው። ሰው ሲሸሽ ልጁን ይዞ ሄደ፣ ፍራሹን ይዞ ሄደ፣ አንዳንዱ ቴሌቪዥኑን በጋቢ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ድመት ተሸክሞ የወጣ ግን አላየሁም። ተመልሰን ስንመጣ የተከራየሁበት፣ የቧንቧ ውሃ ያለው ግቢ በድመት ተሞልቶ ጠበቀን። የአንዱ ጆሮ ተቆርሷል፣ አንዱ አንድ ዓይና ሆኗል፣ ሌላው አራተኛ እግሩን መሬት አያስነካም። የጎድን አጥንታቸው ከሩቅ ይቆጠራል። ጎረቤቱ በአንድ ድምፅ «አታልምዳቸው፤ ራሳቸውን ይቻሉ» አለኝ። ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር ሳልቃወም ያደርኩበት ቀን ትዝ ስለማይለኝ በማግስቱ አለመድኳቸው።

አንድ ሰው ድመት ይመግባል የሚል ወሬ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሰፈሩ ያልፈለገውን የድመት ልጅ ሁሉ በካርቶን አድርጎ በሩ ላይ ይጥላል። የሚገርመው፣ ጣዮቹ ያው «አታልምዳቸው» ሲሉ የነበሩት ናቸው። ስም አላወጣሁላቸውም። ስም ያወጡለትን ነገር መጣል አይቻልም፣ እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ የመጣል መብቴን አሳልፌ አልሰጠሁም። በመልካቸው አንድ ዓይናው፣ ቆራጣው፣ ግራጫዋ እያልኩ እለያቸዋለሁ። ይህ ስም አይደለም፤ መግለጫ ነው።

በአገራችን ድመት በፍርፋሪ እንጀራና በፈጣሪ ቸርነት ይኖራል ተብሎ ይታመናል። እኔም መጀመሪያ ሽሮ የነካው እንጀራ ሰጠኋቸው። በሉ፤ ግን ጠጉራቸው ረገፈ፣ ዓይናቸው ፈዘዘ፣ ቀኑን ሙሉ እንደ ጡረተኛ ፀሐይ ላይ ተኝተው ዋሉ። ማንበብ ልማዴ ስለሆነ አነበብኩ። ድመት ተፈጥሮዋ ሥጋ በል ነው፤ እንደ ውሻና እንደ እኛ በእህል አትከርምም። በቆርቆሮ ስለታሸገ የድመት ምግብም አነበብኩ። ዋጋውን ስሰማ ግን ብገዛው ራሴ ነኝ የምበላው አልኩ።

ስለዚህ ወደ ሳንባ ሄድኩ። ሳንባ ርካሽ ነው፤ ግማሹ አየር ስለሆነ። እንደ ስብሰባ ነው፣ ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠግብም። ይህን የተማርኩት ድመቶቹ ተነፍተው ሲያበቁ እንደገና ሲከሱ አይቼ ነው። ከዚያ በኋላ ሳንባውን ለብዛት፣ ልብና ጣፊያውን ለጉልበት አደረግሁት። ጉበት ሲበዛ ስለሚጎዳቸው አልፎ አልፎ ብቻ ጣል አደርጋለሁ። ቀቅዬ፣ በቢላዋ ከትፌ፣ በመረቁ ትንሽ ሩዝ ለውሼ አቀርባለሁ። በጥቂት ወር ውስጥ ጠጉራቸው እንደ ከፋይ አንጸባረቀ። ከእኔ ጠጉር ጋር ሲተያይ የሚያሳፍር ነበር።

ችግሩ ድስቱ ነው። ግቢው አንድ የጋራ ማድቤት ነው ያለው። የግቢው ባለቤት ደግሞ እማማ የምላቸው አዛውንት ሙስሊም ሴት ናቸው። ድመት አይጠሉም። ድመት ንጹሕ እንስሳ ናት፣ ጠጥታ ያስተረፈችው ውሃ ለሶላት መታጠቢያ፣ ለዉዱእ፣ ይሆናል ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ግን የድስቱን ክዳን ከፍ አድርገው አዩ።

«ይኼ ሳንባ ከየት ነው?»

«ከሥጋ ቤት ነዋ፣ እማማ።»

«ከማን ሥጋ ቤት?»

ወሎ ውስጥ የዚህን ጥያቄ ትርጉም ማብራራት አያስፈልግም። በአንድ ግቢ እንኖራለን፣ እንጋባለን፣ በአንዱ ሐዘን ሌላው ያለቅሳል። ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ቢላዋ ይለያል፣ ድስቱም ይለያል። ሠርግ የጠራ ሰው ሁለት ቦታ ያርዳል።

«እማማ፣ የሚበላው እኮ ድመት ነው። ድመት ሃይማኖት የለውም።»

«ድመቱ ባይኖረው ማድቤቱ አለው» አሉኝ።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ በመጻፍ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳንባዬን የምገዛው ከፋብሪካው አቅራቢያ ካለ ሙስሊም ሥጋ ሻጭ ሆነ። ማታ ማታ ከረጢቴን እግሬ ሥር አድርጌ በሚኒባስ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እወጣለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እግሯን ድንገት ሰበሰበች።

«ጋሼ፣ ከረጢትዎ ይደማል!»

«ሳንባ ነው፣ አይዞሽ።»

ፊቴን ትኩር ብላ አየችና፣ «የማን?» አለች።

አምና ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገቡ። ከእኔ ክፍል ትይዩ የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ እትዬ የምላቸው፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። በሁዳዴ ቅቤ የነካው ማንኪያ እንኳ ቤታቸው አያድርም። እኔ የጾምን ነገር ከእኔ ለሚሻሉ ሰዎች ከተውኩ ቆይቻለሁ። እናም አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ድስቴ እየተንተከተከ፣ ሁለቱ ሴቶች ማድቤቱ በር ላይ አብረው ቆሙ። በነገረ ሃይማኖት ተስማምተው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉ እማማ። ሽበቴ ለእሳቸው ምንም አይደለም። «ከሌሊቱ ሱሁር ወዲህ ውሃ በአፌ አልዞረም። አንተ በቀትር ሳንባ ትቀቅልብኛለህ። ሆዴ ተገለበጠ።»

«የእርስዎስ ተገለበጠ» አሉ እትዬ። «የኔ፣ እሱ ይቅር ይበለኝና፣ አሰኘው!»

«ሳንባ? እትዬ፣ ሳንባ አሰኘዎት?»

«በሁዳዴ ጫማ ሲቀቀልም ያሰኛል! አትሳቅ!»

ፍርዱን የሰጡት እማማ ናቸው። ጾሙ እስኪፈታ በዚህ ግቢ ሥጋ አይቀቀልም። «አልችልም ካልክ ድመቶችህን ሰኞ ገበያ ሸኛቸው። ሰፊ ነው፣ ሥጋ ቤቱም ብዙ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እከራከር ነበር። ግን ግራጫዋ በዚያው ሰሞን አልጋዬ ሥር አራት ወልዳለች። የምታጠባ ድመት እጥፍ ትበላለች፤ ሩዝ ብቻ ከሰጠኋት ወተቷ ይነጥፋል። ሰኞ ገበያ ከወሰድኳት ደግሞ ከነልጆቿ በጋሪና በውሻ መሃል ነው የምጥላት። የመጣል መብቴን ለዚህ ቀን ነበር ያስቀመጥኩት። ቀኑ ሲመጣ ግን መብቱ የት እንደገባ አላገኘሁትም።

ስለ ድመት የምንተርተው ተረት ሁልጊዜ ይገርመኛል። «የድመት መነኩሲት አመሏን አትረሳም» ይባላል። ድመቷን ማን እንዳመነኮሳት፣ ማንስ ፈቃዷን እንደጠየቃት የሚናገር ግን የለም። በዚያ ሰሞን ይህን እያሰብኩ ሥጋውን ጥሬውን ልስጣቸው አልኩ። አልቀቀልኩም፣ ስለዚህ ሕግ አልጣስኩም። አንድ ዓይናው የሳንባ ቁራጭ ነክሶ ግቢውን አቋረጠና እትዬ ለጾም አጥበው ያሰጡት ምስር ላይ ወጣ። እዚያው በሰፊው ተቀምጦ በላ። ምስሩ በሙሉ ለጎረቤት ዶሮ ሄደ። እትዬም እኔን ማነጋገር አቆሙ፤ ይህ ደግሞ ከሳቸው ዘንድ የመጨረሻው ቅጣት ነው።

ከዚያ በኋላ ዓሣ ትዝ አለኝ። በመጀመሪያ ወደ እማማ ሄድኩ።

«እማማ፣ ዓሣ ማን ቢያርደው ነው ሐላል የሚሆነው?»

«ዓሣ ይታረዳል እንዴ? የውሃ ነገር ሐላል ነው፤ ሞቶም ቢገኝ።»

ወደ እትዬ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ በጾም ዓሣ ይበላ እንደሆን ጠየቅሁ። ለእኔ አልመለሱም፤ ለግድግዳው ተናገሩ። «የሚበሉት አሉ። እኔ በሁዳዴ አልበላም። ሌላው የፈለገውን ይብላ።»

ሁለት ሃይማኖት የማይጣላበት ሥጋ አገኘሁ ማለት ነው። ከሐይቅ ዓሣ የሚያመጣው ነጋዴ ሥጋውን ገፎ ይሸጥና ራሱንና አጥንቱን ይጥለዋል። የሚጥለውን ጠየቅሁት፤ ለሾርባ መስሎት መረቁ ላይ ሎሚ እንዳልረሳ መከረኝ። ቤት ወስጄ ስቀቅለው ግን ከዚህ ጋር ሲተያይ ሳንባ ሽቶ እንደነበር ገባኝ። ድስቱን ሳይፈላ አወረድኩት። እንዳይሸት መጀመሪያ መድረቅ አለበት። ደሴ ላይ ደግሞ በዚያ ብርድና ጉም እንኳን ዓሣ ካልሲም አይደርቅም።

ኮምቦልቻ ግን ይደርቃል። እናም ዓሣው ከሐይቅ ደሴ ይመጣል፣ ከእኔ ጋር ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል፣ በፋብሪካው የዕቃ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይሰጣል፣ ደርቆ እንደገና ሐረጎን ይወጣል። በሕይወቱ ከሐይቁ ወጥቶ የማያውቅ ዓሣ ከሞተ በኋላ አገር አየ። ዘበኛው ጣሪያው ሥር ቆመው ወደ ላይ አዩ።

«ይኼ ለሰው ነው?»

«ለድመት ነው፣ አባባ።»

«ለድመት ቋንጣ! ሱብሃነላህ! እኛ ቋንጣ ካየን ስንት ጊዜያችን ነው!» አሉ። ግን ከዚያ በኋላ አሞራ ሲያንዣብብ ዱላቸውን የሚያነሡት እሳቸው ነበሩ።

የደረቀውን በሙቀጫ ወቅጬ እንደ ሽሮ አላምኩት። ሩዝ በሙቅ ውሃ እለውስና እነሰንስበታለሁ። እማማ ጣታቸው ላይ አድርገው አሸተቱ፤ «ደርቋል፤ አይከረፋም። ይሁን» አሉ። የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም። በምሳ ሰዓት ለሥራ ባልደረቦቼ ስለ ዓሣ አጥንት ጥቅም አወራኋቸው። አንድ ሁለቱ ምሳቸውን ይዘው ጠረጴዛ ቀየሩ።

ከዚያ ድመቶቹ መብላት አቆሙ። ይመጣሉ፣ ያሸታሉ፣ እንደ ተማረረ የሆቴል ደንበኛ ዞረው ይሄዳሉ። የሌሎቹን ታግሼ ነበር። ግራጫዋ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አልነካችውም፤ ሆዷ ደግሞ ተነፍቷል። ስለ ሆድ መነፋት ያነበብኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ። ማንበብ የሚጎዳው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ከነልጆቿ ዘንቢል ውስጥ አድርጌ ሆጤ ሰፈር ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። ከፊታችን የቆመው ወረፋ ጠባቂ በሬ ነበር።

ሐኪሙ ሆዷን ዳበሰ። እኔ ስለ ዓሣው፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ ኮምቦልቻ ፀሐይ አስረዳሁት። እስክጨርስ በትሕትና ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ ይህች ድመት ጠግባለች።»

«ሁለት ቀን እኮ አልበላችም!»

«እርስዎ ዘንድ አልበላችም» አለኝና በሬውን ጠራ።

ግቢ ስገባ ሁለቱ ሴቶች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እህል ይለቅሙ ነበር። ዘንቢሉን መሃላቸው አስቀመጥኩት።

«ድመቶቼን የሚያበላ ሰው አለ?»

«እኔ ምን አውቄ» አሉ እማማ ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ። «እሷን ጠይቃት።»

«እኔን? በሁዳዴ?» እትዬ እኔን ማነጋገር ማቆማቸውን ረሱት። «የኢፍጣሩ ትራፊ ሥጋ በማን ሳህን ነው ወደ ጓሮ የሚወጣው? በየቀኑ አያለሁ እኮ!»

«አላህ ያውቃል፣ ትራፊ ነው፤ ሊደፋ ነው? ይልቅ አንቺ፣ ከምጣዱ ኋላ የሸሸግሽው የወተት ጆግስ? በሁዳዴ ወተት ከቤትሽ ምን ይሠራል?»

እትዬ እጃቸውን ከምስሩ ላይ አነሡ። ቀላ አሉ፤ ቀጥለው ግን አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«የምታጠባ እናት አትጾምም። በእኔም ሃይማኖት፣ በእርስዎም።»

እማማ ትንሽ አሰቡ። «ወላሂ እውነትሽን ነው» አሉ። «የምታጠባ አትጾምም።»

«ታዲያ እኔን ለምን ከለከላችሁኝ?» ድምፄ ከፍ አለ። «ያን ሁሉ ዓሣ ለምን አመላለስኩ?»

«እኛ የከለከልነው ድስትህን ነው» አሉ እትዬ። «ምግብ እኮ አልከለከልንም።»

«እሺ። ሰኞ ገበያ ሸኛቸው ያሉትስ፣ እማማ? አሁን እነዚህ ድመቶች ይወጣሉ ወይስ አይወጡም?»

እማማ በመገረም አዩኝ። «ድመቶቹ? የት ይሄዳሉ? ሁላችን ስንሸሽ ግቢውን የጠበቁት እነሱ ናቸው።» ሰፌዱን አንጓለሉት። «የምትከራየው አንተ ነህ።»

ጎንበስ ብዬ የዘንቢሉን አፍ ከፈትኩላት። ግራጫዋ ወጣች፣ ተንጠራራች፣ አንድ በአንድ ሦስታችንንም አየችን። ከዚያ አራት ልጆቿን ለእኔ ትታ፣ ጅራቷን አቁማ፣ ቀጥ ብላ ወደ እትዬ ምጣድ ሄደች።