የቆመው ደም

ታላቅ ወንድሜ የጉሮሮ ካንሰሩን በጨረር ታክሞ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ትሮይቪል ሰፈር እኔ ቤት ሲያገግም ነበር ኮሮና የመጣው። ጨረሩ ዕጢውን አጠፋለት፤ የአንገቱን ቆዳ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳሳው። ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ የደም ሥሩ ሲመታ ከውጭ ይታያል። ሻይ ይዤ ስገባ ዓይኔ ፊቱን ትቶ ያ ሥር ላይ ያርፋል። ቤታችን ውስጥ ሌላ ሰው የገባ ይመስለኝ ነበር።

የሆስፒታሉ ነርስ ለብቻዬ ጠርታ ሁለት ነገር ነግራኛለች። አልጋው አጠገብ ጥቁር ፎጣ አስቀምጪ፤ ነጭ ላይ ደሙ ያስደነግጣል። ደግሞ ትንሽ ደም መጥቶ በራሱ ቢቆም እንዳትደሰቺ፤ ትልቁ ከኋላ አለ። ጀፕስታውን ባለው ሱቃችን ከምንሸጠው ፎጣ ጥቁር ጥቁሩን መርጬ አመጣሁ።

«ሱቁን ወደ ቤት አዞርሽው እንዴ?» አለኝ ጋሼ። ከጨረሩ ወዲህ ድምፁ ሹክሹክታ ብቻ ነው። ፎጣዎቹን አጥፌ አልጋው አጠገብ ደረደርኩ።

አገሩ ሁሉ በተዘጋበት አንድ ከሰዓት በኋላ አሳለው፤ አፉ ደም ሞላ። ሮጬ ስደርስ ደሙ ቆሟል፤ እየተጉመጠመጠ ነው። ፊቱ በርቷል።

«ቀለል አለኝ» አለ። ወዲያው ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ላለው አጎታችን ደወለ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ አጎቴ በስልኩ እየጮኸ። «መጥፎው ደም ወጣልህ! ያለ ዋግምት!»

እኛ አገር መጥፎ ደም በቀንድ ይመጠጣል፤ ደም ወጥቶት የቀለለው ሰው እንኳን ደስ ያለህ ይባላል። እኔም ማመን አማረኝ። ያ ደስታ ነው ያስፈራኝ።

«አጎቴ፣ ሆስፒታል ልወስደው ነው» አልኩ ስልኩን ተቀብዬ።

«የዳነን ሰው ኮሮና ውስጥ ልትከቺው? አብደሻል?»

ጋሼም ራሱን ነቀነቀ፤ አልሄድም ማለቱ ነው። ስልኩን ዘጋሁት።

«ጋሼ፣ ፎጣው ለምን ጥቁር እንደሆነ ልንገርህ» አልኩት።

ነገርኩት። ነርሷ ያለችኝን ሲሰማ የፊቱ ብርሃን ጠፋ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈለገ።

ጎረቤታችን ባኪ በሚሉት ፒክአፕ መኪናው ወሰደን። መንገዱ ላይ አንድም መኪና የለም፤ ሮቦት የሚሏቸው የትራፊክ መብራቶች ብቻ ለማንም ሳይሆን ቀይ ይሆናሉ፣ አረንጓዴ ይሆናሉ። ሆስፒታሉ በር ላይ እሱን አስገቡት፣ እኔን መለሱኝ።

ትልቁ ደም የመጣው ገና አልጋ ላይ ሲያስተኙት ነው አሉ። አንዲት ነርስ አንገቱን በመዳፏ ተጭና፣ ከሚገፋው አልጋ ጋር እየሮጠች፣ እጇን ሳታነሳ ቀዶ ሕክምና ክፍል አደረሰችው። ሐኪሞቹ በብሽሽቱ በኩል ቱቦ አስገብተው የተቀደደውን ሥር ከውስጥ ደፈኑት።

በማግስቱ ደወለልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ንገሪልኝ እስቲ። ይቺ ነርስ እጇን ታንሳልኝ። አንገቴን ይዛ አልለቅ አለች፤ እጇ ይቀዘቅዛል።»

ስልኩን እንዲሰጣት ነገርኩት። ነርሷ ግራ ገባት። ማንም አልነካውም አለችኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት፣ የቆመችውም ከግርጌው።

ስልኩን መለሰችለት።

«ነገርሻት?» አለኝ።

«ተዋት ጋሼ» አልኩት። «የትናንቷ ናት፤ ትያዝህ።»