የሆስፒታል አልጋ በጫንኩበት ኮንቴይነር የሙሽራ ቀሚስ

አሁን እዚህ ውጭ አገር፣ ዶራቪል ያለ መጋዘን በር ላይ የማላውቃትን ሙሽራ ቀሚስ ታቅፌ ቆሜያለሁ።

እኔ የጫንኩት አገር ቤት ላለ ክሊኒክ የሚሄድ የሆስፒታል አልጋ ብቻ ነበር። ኮንቴይነሩ ከመታሸጉ በፊት አንዴ ቼክ ላድርግ ብዬ ስከፍተው፣ አልጋው ላይ ይሄ ቀሚስ፣ የልጅ ጋሪ፣ ምንጣፍና የመኪና ጎማ ተከምሯል።

ጎማ? የማን ጎማ?

ለጉምሩክ ዲክሌር ያደረግኩት አልጋ ብቻ ነው። ጅቡቲ ላይ ፈትሸው ይሄን ካገኙ፣ በሽተኞቹ መቼ አልጋ እንደሚያገኙ እንጃ።

ስለ ጭነቱ የነገርኩት ለእናቴ ብቻ ስለሆነ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም! ለማኅበርተኞቼ ብቻ። ቦታ እያለ ሰው እንዴት እንቢ ይባላል?»

ለካ ቤት ያስቀመጥኩትን የኮንቴይነሩን ትርፍ ቁልፍ የሰጠቻቸውም እሷ ናት።

«ሁሉንም ላወጣው ነው» አልኳት።

«ልክ ነሽ፣ አውጪው» አለች። ወዲያው ደግሞ፣ «የአክስትሽን ሻንጣ ብቻ ተይው። ከታች ነው፣ አይታይም።»

ሾፌሩ ወደ ሳቫና ወደብ ሊነሳ ክላክስ እያደረገብኝ ነው።

ጭነት ልካችሁ የምታውቁ፣ የሰውን ዕቃ ካወጣችሁ በኋላ የእናታችሁን እንዴት አደረጋችሁት?