ኃይለኛው ወርዷል

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ለቡ ገና ሜዳ የሚበዛበት ሰፈር ነበር፤ ትልልቆቹ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ከቤታችን ጀርባ በሣሩ መሃል ያልፋሉ፣ እኛ ቤት ግን መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ሲጠፋ እኔና ታላቅ እህቴ ሠናይት ጓሮ ወዳለችው ሰርቪስ፣ አባባ ደምሴ ዘንድ እንሄዳለን። የአባቴ አጎት ናቸው። ኩራዙ ግድግዳውን በጭስ እያጠቆረ፣ ሁልጊዜ ስለ አንድ ነገር ያወሩልናል። በተወለዱበት አገር ከመሸ ስሙ አይጠራምና «ኃይለኛው» ብቻ ይሉታል። እግር የለውም፤ ሣር ውስጥ ተጋድሞ ይጠብቃል፤ ድምፁ የንብ ነው፤ የነካው ሰው ላይ ቁስል አይገኝም።

ሠናይት ስድስተኛ ክፍል ስትገባ ከትምህርት ቤት «ፓወርፉል» የሚል ቃል ይዛ መጣች። መምህሯ ትርጉሙ ኃይለኛ ነው ብለዋቸዋል፤ ሞተር፣ ንግግር፣ መድኃኒት ፓወርፉል ይባላሉ። ያን ምሽት ተረቱን አቋረጠች።

«አባባ፣ ኃይለኛ እኮ በእንግሊዝኛ ሙገሳ ነው።»

«የሚናከሰውንም ውሻ ያሞግሱታል?»

«ለሱ ሌላ ቃል አላቸው።»

አባባ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «እንግዲህ እነሱ ሁለት አላቸው። እኛ ያለን አንድ ነው። አንዱን ስትሰሚ ሁለቱንም ጠርጥሪ።»

እህቴ ግን ከዚያ ወዲያ መፍራት ተወች። ኃይለኛው ሲባል «ጎበዝ ነዋ» እያለች ታፌዝ ነበር።

ክረምት ላይ አንድ አመሻሽ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ፤ መብራት ጠፋ። ሲያባራ ውሻችን ቡቺ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ሜዳው ሾለከ፤ ሠናይትም ልትመልሰው በጓሮው በር ወጣች። አባባ በሩ አጠገብ ካለችው ክፍላቸው ሳይነሱ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ፣

«ሠናይት፣ ቁሚ። ኃይለኛው ወርዷል» አሉ።

ለምን እንዳልሳቀች አላውቅም። አንድ እግሯን እንዳነሳች ቆመች። ቡቺ አልቆመም። ከፊቷ ትንሽ ሄድ እንዳለ ሣሩ ላይ ወደቀ፤ አልጮኸም።

ነፋሱ በጥሶ የጣለው ሽቦ ነበር። ቤታችን መብራት ስለሌለ ሽቦ ሁሉ የሞተ ይመስለን ነበር፤ የትልልቆቹ ምሰሶዎች መስመር ግን ሌላ ነው፤ አልጠፋም። በማግስቱ ሠራተኞች መጥተው አነሱት። አባቴ ቡቺን አገላብጦ ቢያየው ቁስል አላገኘበትም።

ከአባባ ክፍል ሜዳው አይታይም። ኋላ ስጠይቃቸው የንብ ድምፅ ሰማሁ አሉኝ። የተበጠሰ ሽቦ ድምፅ አለው፤ እስከዚህ ይገባኛል። የማይገባኝ ተረቱ ነው። የሰሙት ከእናታቸው ነው፤ በዚያ አገር ያኔ አንድም ምሰሶ አልቆመም ነበር።

ሠናይት ዛሬ ጀሞ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ያ ቃል ሲመጣ ተማሪዎቿ «ኃይለኛ» ይሏታል፤ እሷም «የትኛው?» ትላቸዋለች። እኔ ደግሞ መብራት ሲጠፋ፣ ሻማ ከመፈለጌ በፊት ባለሁበት እቆማለሁ፤ ንብ ይሰማኝ እንደሆነ።