ዶሮ ያስጾምን ዕለት

ፈንግል የሚሉት በሽታ የባለቤቴን ዶሮዎች ጠራርጎ ከወሰደባት በኋላ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ጀመረች። «እነዚህም ከሞቱ ሁለተኛ ዶሮ አላረባም» አለችኝ። ቀልድ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ቀልድ ያልሆነ ነገር ሲገጥመኝ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል።

የቢቸናው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የፈንግል ክትባት በመጠጥ ውሃ ተበጥብጦ እንደሚሰጥ ነገረኝ። ዶሮዎቹ ግን እንዲጠማቸው ሌሊቱን ውሃ ማግኘት የለባቸውም። ማታውኑ የውሃ ሰሃኖቻቸውን ደፋሁ።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። አማቴ ከሞጣ ሊጠይቁን መጥተው ነበርና ሲነጋ የዶሮዎቹን ጩኸት ሰምተው ወጡ። እኔ ባለሙያውን ይዤ ስደርስ ዶሮዎቹ ጸሐይ ይሞቃሉ። ባለሙያው ክትባቱን ሳይበጠብጥ በፊት መጠማታቸውን ለማየት ባዶ ውሃ አቀረበ። አውራው መጣ፣ ውሃውን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየና ሄደ። ከተማሪዎቼ በስተቀር እንደዚያ የናቀኝ ፍጡር የለም።

«እማማ፣ ውሃ ሰጥተዋቸዋል እንዴ?» አልኳቸው አማቴን።

«ሰጠኋቸው። ጾም የታዘዘው ለሰው ነው። አንተ ቁርስህን በልተህ ዶሮ ታስጾማለህ?»

ቁርስ መብላቴን በምን እንዳወቁብኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ባለቤቴ ፊቷ ጠቆረ። ባለሙያው ግን እንግዲያው ክትባቱን አንድ አንድ ጠብታ በዓይናቸው እናድርግ አለ። ለዚያ መያዝ አለባቸው። እኔ አንዷን ሳባርር አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ፤ አማቴ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ሁሉንም አንድ በአንድ ያዙለት።

ከቀናት በኋላ አንዳንዶቹ ማስነጠስ ጀመሩ። አማቴ «በሽታውን ራሳችሁ ሰጣችኋቸው» ብለው ተቆጡ። ባለሙያው መጥቶ አያቸው።

«እውነትዎን ነው እማማ፣ ግን የሰጠናቸው የተዳከመውን ነው። ሰውነታቸው በእሱ ይለማመዳል። ኃይለኛው ሲመጣ ያውቀዋል። ብቻ ለመማር ጥቂት ሳምንት ይፈልጋል።»

ማስነጠሱ ቆመ፣ አማቴም ወደ ሞጣ ተመለሱ። ባለቤቴ ግን በየጠዋቱ የዶሮ ቤቱን በር የምትከፍተው ቀስ ብላ ነበር፤ ሰውነታቸው ተምሮ ሳይጨርስ ፈንግል እንዳይደርስ ትሰጋለች።

ዝናብ ሲጥል ፈንግል ሰፈራችን ገባ፤ ከጎረቤት ዶሮዎች ብዙዎቹ አለቁ። ከኛዎቹ አንዷ ክንፏን ጥላ ዋለች። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ከአጠገቧ አልራቀችም። በማግሥቱ ዶሮዋ ተነሥታ መጫር ጀመረች፤ ሌሎቹን የነካቸው የለም።

ባለቤቴን ስጋቷ እንደለቀቃት ሳትነግረኝ ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ጓዳ ስገባ አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች።

«ያ ባለሙያ ለጫጩት ክትባት መቼ እንደሚመጣ ጠይቅልኝ» አለችኝ ባለቤቴ፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ።