ወጌሻው ያልነኩት እግር

ልጅ ሳለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከማንጎ ዛፍ ላይ ወድቄ ቀኝ እግሬ ተሰበረ፤ በእሱ ሰበብም በዕድሜዬ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጠውን ተረት ሰማሁ። ይህን ፊቴ እየፈካ ሳወራ ልጆቼ ይስቁብኛል፤ እግር መሰበርም ያስደስታል ወይ ይሉኛል። እነሱ ምን ያውቃሉ። ያንን ክረምት ባነሳሁ ቁጥር ልቤ ዛሬም ይዘላል፣ ወሬውም እየተጋፋ ይወጣብኛል።

ያኔ፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ አባቴ ጋምቤላ ጤና ጣቢያ ውስጥ ድሬሰር ነበር። ከጎሬ ተዛውሮ የመጣ፣ ነጭ ጋዋኑን በገዛ እጁ የሚተኩስ፣ ከተማው «ዶክተር» እያለ ሲጠራው ማረሙ የሰለቸው ሰው ነበር። ቤታችን ከባሮ ወንዝ ብዙም አይርቅም፤ ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ ማንጎ ነበረ፣ እሱ ላይ መውጣት ለእኔ በጥብቅ የተከለከለ ነበር። ወጣሁ። አሪየት የምትባል የአኙዋክ ልጅ፣ የክፍሌ ልጅና የልብ ጓደኛዬ፣ «ውረጂ የሺ፣ ቅርንጫፉ አይችልሽም» እያለች ልታወርደኝ ተከትላኝ ወጣች። እውነትም ቅርንጫፉ አልቻለኝም። አባቴ ጩኸቴን ሰምቶ እየሮጠ ሲመጣ ከሕመሙ ይልቅ ቁጣው አስፈራኝና፣ ገና ዛፉ ላይ ወዳለችው ጓደኛዬ እያመለከትኩ «አሪየት ገፋችኝ» አልኩት። አባቴ ለማጣራት ትዕግሥት አልነበረውም፤ ሁለተኛ ግቢያችንን እንዳትረግጥ ጮኸባት። አሪየት ከዛፉ ወርዳ አንዴ ብቻ አየችኝና ምንም ሳትናገር ሄደች።

ጎሬ ተወስጄ እግሬ በጀሶ ታሰረ። ከሳምንታት በኋላ ጀሶው ሲፈታ አባቴ እግሬን አጥፎ ዘርግቶ አየና «አጥንቱ ገጥሟል፣ ተነሺ» አለኝ። ለመነሳት ሞከርኩ። እግሬ መሬት ሲነካ ጉልበቴ ከዳኝ። በማግስቱም፣ በሳምንቱም ያው ነበር። እያስመሰልኩ አልነበረም፤ እንደ ልቤ ከመሮጥ ሌላ የምመኘው ነገር ምን ነበረኝ? አባቴ አሸኝ፣ ቫይታሚን ሰጠኝ፣ ተቆጣኝ፣ ለመነኝ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል እያመጣች አጠጣችኝ። በመጨረሻ አባቴ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ካልሄድኩ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ልኮ ሆስፒታል እንደሚያስተኛኝ ቁርጡን ተናገረ። እዚያ አንድም ዘመድ አልነበረንም። በማላውቀው ከተማ ብቻዬን መተኛቴን ሳስብ በጠራራ ፀሐይ እንባዬ ይመጣ ነበር።

እናቴ ወጌሻ ይጠራ ያለችው ያኔ ነው።

«ድሬሰር ቤት ወጌሻ? ሰው ምን ይለኛል?» አለ አባቴ።

«ሰውን ተወውና የልጅህን እግር እየው» አለችው።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተስማማ፤ ነገር ግን ወጌሻው እግሬን በጣታቸው ጫፍ እንኳ እንዳይነኩ ሲል አጥብቆ አስጠነቀቀ። ጠማማ የተጠገነ አጥንት እየመጣበት ስንት ጊዜ ሲበሳጭ አይቼዋለሁና አልፈርድበትም።

የመጡት አባባ ኡጁሉ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ታንኳ የሚጠርቡ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ በዚያው እጃቸው አጥንት የሚጠግኑ ሽማግሌ። ከኋላቸው በቅል ውሃ ይዛ የምትከተላቸው ልጅ አሪየት ነበረች፤ ለካ የልጃቸው ልጅ ናት። አባቴ እሷን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ሳል ሳል አለውና ለሽማግሌው ወንበር አቀረበ። እኔ አንሶላውን እስከ አገጬ ሳብኩት። አሪየት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

አባቴ እግሬን እንዳይነኩ ሲነግራቸው አባባ ኡጁሉ ሳቁ። አማርኛን የለመዱት ከደገኛ ነጋዴዎች ጋር ወንዝ ለወንዝ ሲሠሩ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም፣ ትንሹንም ትልቁንም «አንተ» ነበር የሚሉት። «እግሩን አልነካም» አሉ። «እግሩ ደህና ነው፣ አንተ ጠግነሃል። እኔ የመጣሁት ለልጁ ነው።»

ከዚያ ሥራ ሰጡን። አልጋዬ ወደ በረንዳው ወጣ፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ በረንዳው ፊት እሳት ተቀጣጠለ፣ ጭሱ ትንኝ እንዲያባርርም እርጥብ ሣር ተጨመረበት። የቤቱ ሰው በሙሉ፣ አባቴም ጭምር፣ ዙሪያውን እንዲቀመጥ አዘዙ። በአኙዋኮች ወግ ታማሚ ሲታከም በእሳቱ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ከቅሉ አንዳንድ ጉንጭ ውሃ ይዞ እትፍ እትፍ እያለ ይመርቀዋል፤ ነገር ግን በታማሚው ቅር የተሰኘ ሰው ቅሬታውን ይዞ ከመረቀ ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። እናቴን ይህ ምንም አልከበዳትም፤ የጎሬ ሽማግሌዎችም እትፍ እትፍ ብለው ይመርቁ የለ? አባቴ ግን የወንዝ ውሃ በልጄ ላይ ከነጀርሙ አይረጭም ብሎ ውሃውን አስፈላው። አባባ ኡጁሉ የፈላውን ውሃ አሸተቱና «ይሄ ሞቷል» አሉ። ሲከራከሩ ቆይተው፣ ውሃው ከፈላና ከቀዘቀዘ በኋላ ሽማግሌው ከአንዱ ቅል ወደ ሌላው እየገለበጡ «እስኪነቃ» ድረስ እንዲያናፍሱት ታረቁ። አባቴ ያን ቅል በስፒሪት እንደወለወለው ግን አልነገራቸውም።

እናቴ መረቀችኝ፣ አባቴም እየተሽኮረመመ እትፍ አለብኝ። ተራው የአሪየት ሲሆን ቅሉን ተቀብላ ያዘችና፣ ከንፈሯን ገጥማ መልሳ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ለምን አላሏትም። እሷን አዩ፣ እኔን አዩና ወደ እሳቱ ዞሩ። «ተረቱን እጀምራለሁ» አሉ። «መጨረስ ግን አልችልም።»

ደግሞ ምን ዓይነት ተረት መሰላችሁ! ጉማሬ ድሮ እግሩ ቀጭን ነበር፣ ሜዳ ላይ ከሁሉም ቀድሞ ይሮጥ ነበር። አንድ ቀን ሳይታሰብ ወንዝ ዳር ጭቃ ያዘው፤ እስከ ሆዱ ሰመጠ። ዝሆን ሊጎትተው መጣ፣ አቃተው። በማግስቱ ምሽት ጎሽ መጣ። በሦስተኛው አዞ መጣና ከነጅራቱ ታገለ። አባባ ኡጁሉ ተቀምጠው የሚያወሩ እንዳይመስላችሁ፤ የጀልባ ገመድ አምጥተው አንዱን ጫፍ ከበረንዳው ምሰሶ አስረው ዝሆኑ አባቴ፣ ጎሿ እናቴ እንዲሆኑ አደረጉ። አባቴ፣ ያ ጋዋኑ መስመር ካልያዘ ከቤት የማይወጣ ሰው፣ እጅጌውን ሰብስቦ እያቃሰተ ገመድ ሲጎትት፣ የእሳቱ ብርሃን ላቡ ላይ ሲያብረቀርቅ፣ እኔ በሳቅ ሆዴን ይዤ ከአልጋዬ ልወድቅ ደርሼ ነበር። በዚያ ሰሞን ከሥራ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ «ዛሬ ደግሞ የሚጎትተው ማን ነው?» ይል ጀመር። እኔማ ከቀትር ጀምሮ ጀንበሯ ቶሎ እንድትወርድ በዓይኔ እገፋት ነበር።

ሁሉ ነገር ባማረበት መሃል ግን ቅሉ በየምሽቱ አሪየት እጅ ላይ ሲደርስ ሳቄ ይቆም ነበር። ተቀብላ ትይዘዋለች፣ ሳትጎነጭ ትመልሰዋለች። የማውቀው ነገር ደረቴ ውስጥ ይከብደኛል፤ ብናገር አባቴ ምን እንደሚያደርገኝ አስባለሁ፤ ደግሞ ተረቱ ይጀመራል፣ እረሳዋለሁ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው አባቴ የአውሮፕላኑን ቀን አጣርቶ መጣ።

የዚያን ምሽት ጉማሬውን የሚጎትት እንስሳ አለቀ። አባባ ኡጁሉ ገመዱን ጠቅልለው ጎናቸው አኖሩት።

«ለመሆኑ ጭቃው ለምን ያዘው?» አለ አባቴ፣ ከምሩ ተናዶ። «ሌሎቹ እዚያው ውሃ ይጠጡ የለም እንዴ?»

«አላውቅም» አሉ ሽማግሌው። «አልነገረኝም።»

አባቴ ከመጠን በላይ በልቶ ከብዶ ነው አለ። እናቴ፣ የለም፣ የሚመርቀው ሰው ስላላገኘ ነው አለች። ሁለቱ እንደ ልጅ ይከራከሩ ጀመር፤ እኔም መቼም ተረት ላይ ዝም ማለት የማልችል ነኝና፣ ሁለቱም መሳሳታቸው ታየኝና፣ መልሱ በግልጽ ፊቴ ተደቀነና፣ ከአልጋዬ ቀና ብዬ «አይደለም! ዋሽቶ ነው!» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። መመለሻ አልነበረኝም፣ ቃሉ አፌን ጥሶ ወጥቷል። «ራሱ ወድቆ ሳለ ጓደኛዬ ገፋችኝ ብሎ ነው» አልኩ፤ ከዚያ ጉማሬውን ተውኩትና እያለቀስኩ ስለ ዛፉ፣ ስለ ቅርንጫፉ፣ አሪየት ልታወርደኝ ስለ መውጣቷ፣ ሁሉንም አፈሰስኩት።

አባቴ ብድግ አለ። ዱላው መጣ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን አልፎኝ ሄዶ አሪየት ፊት ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ «ልጄ፣ ሳልጠይቅሽ ነው ያባረርኩሽ፤ ይቅር በይኝ» አላት። አባቴ ለልጅ ሲያጎነብስ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እኔም በለቅሶዬ መሃል ይቅርታ አልኳት። አሪየት አያቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ እጇን ለቅሉ ዘረጋች።

አንድ ጉንጭ አልበቃትም። ጉንጮቿ እስኪነፉ ሞልታ፣ አፍንጫዬ ድረስ ተጠግታ፣ የስንት ምሽቱን በአንድ ጊዜ ቡፍ አደረገችብኝ። ፊቴ፣ ደረቴ፣ ፀጉሬ ራሰ፤ ፋኖሱ ሳይቀር ጭስስ አለ። ሳቋን ለቀቀችው፤ እኔም እየጮህኩ ልይዛት ተነሳሁ። አራት እርምጃ ሄጃለሁ። አምስተኛው ላይ የእናቴ እልልታ ሲያስደነግጠኝ መቆሜን አወቅኩና ቀሚሷ ላይ ተጠመጠምኩ። አባባ ኡጁሉ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም። አባቴ ሮጦ መጥቶ ጉልበቴን እየዳበሰ «ገጥሟል ብዬ የለም?» ይላል፣ እንባው ይወርዳል።

ጤና ጣቢያችን ከዚያ በኋላ ለአስታማሚ የሚሆን አግዳሚ ወንበር አበጀ፤ ያስገባው አባቴ ነው። እሱ እስኪሞት ድረስ «ጡንቻዋ ደክሞ ነበር፣ ጊዜውን ጠብቆ ጠነከረ» ይል ነበር፤ ነርስ ሆኜ ስንት ሕመምተኛ ካነሳሁ በኋላ እኔም ተሳስተሃል ልለው አልደፍርም። ውሸት ጉልበት ያስራል ብዬም አላስተምርም። ብቻ የገጠመ አጥንት ይዞ የማይነሳ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ መዝገቡን ወደ ጎን አድርጌ ቤተሰቡን እንዲጠሩልኝ እጠይቃለሁ፣ ወንበር ስቤም አጠገቡ እቀመጣለሁ።

በተነሳሁ ማግስት አሪየትን ለምን እስከዚያ ድረስ እውነቱን እንዳልተናገረች ጠየቅኳት፤ ለአያቷ እንኳ አልነገረቻቸውም ነበር።

«ታመሽ ነበራ» አለችኝ። «እኛ ቤት ሰው ታሞ ተኝቶ እያለ አይከሰስም፣ ሕመሙ ይብስበታል። እስክትድኚ እየጠበቅኩሽ ነበር። ስትድኚ እመታሻለሁ።»

የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። ትምህርት ቤት በተከፈተ ቀን እያነከስኩ፣ ግን በሁለት እግሬ፣ በሩ ላይ ስደርስ አሪየት ቆማ ትጠብቀኛለች። አረማመዴን ከላይ እስከ ታች አየች፤ ከዚያ ጀርባዬን በጥፊ፣ አንዴ፣ ከልቧ መታችኝ። እስከ ዛሬ የማስታውሰው ማቃጠሉን ሳይሆን ያስጨበጠኝን ደስታ ነው፤ የአባቴ ምርመራ ያላሳመነኝ እኔ፣ ድኛለሁ ብዬ ያመንኩት ያን ጊዜ ነበር።